የደም ግፊትን ለዓመታት በልኩ ማቆየት፦ ከአንድ ደብተር የሚጀምር መመሪያ

እናቴ ግፊት እንዳለባት ያወቅነው የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። ከገጠር እኔን ልትጠይቅ ደብረ ማርቆስ መጥታ ነበር። ጥርሷን አሟት ክሊኒክ ስንሄድ ለኳትና 178/104 ሆነ። እሷ ምንም አልተሰማትም። ክኒን ታዘዘላት፣ ሦስት ወር ዋጠች፣ ግፊቷ ወረደ። ከዚያ ተወችው። "ድኜ የለም እንዴ ልጄ? የዳነ ሰው ምን ብሎ መድኃኒት ይውጣል?" አለችኝ። እኔም ዝም አልኩ።

በዓመቱ፣ የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግሥት፣ ግራ እጇ አልታዘዝ አላት። አፏም ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። እግዚአብሔር ይመስገን ዛሬ ትራመዳለች፣ ትናገራለች። ምጣድ ላይ እንጀራ ማስፋት ግን አሁንም ያስቸግራታል።

ይህን የምጽፈው ያኔ ዝም ስላልኩ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ከሐኪሞች የጠየቅኩትን፣ ያነበብኩትንና ቤታችን ውስጥ የሠራንበትን ነው የማካፍላችሁ። የትኛው መድኃኒት፣ ስንት ሚሊግራም የሚለውን የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት 364 ቀናት ግን የእናንተ ናቸው። መመሪያውም ስለ እነሱ ነው።

መጀመሪያ፦ "ደም ብዛት" የሚለው ስም አያሳስታችሁ

ስሙ ብዙ ሰው አሳስቷል። ደሙ በዝቷል ማለት አይደለም። ልብ ደምን ስትረጭ ደሙ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ከልክ አልፏል ማለት ነው። የመስኖ ውሃ በጎማ ስትለቁ አስቡት። የጎማውን አፍ ጠበብ ካደረጋችሁት፣ ውሃ ሳይጨመርበት ይወጠራል። የእኛም ደም ሥር እንደዚያ እየተወጠረ ለዓመታት ሲኖር ግድግዳው ይደድራል። ጉዳቱ ውሎ አድሮ የሚወጣው አንጎል፣ ልብ፣ ኩላሊትና ዓይን ላይ ነው።

ስለዚህ ዋግምት መፍትሔ አይደለም። ደም ማፍሰስ ግፊትን አያክምም፤ ትርፉ ቁስልና ኢንፌክሽን ነው። "እኔ ደም ማነስ ስላለብኝ ደም ብዛት አይዘኝም" የሚለውም ስህተት ነው። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

ቁጥሮቹ ሁለት ናቸው። የላይኛው ልብ ስትኮማተር ያለው ግፊት ነው፣ የታችኛው ደግሞ ልብ በምት መካከል ስታርፍ ያለው። ጤና ተቋም ውስጥ በተለያየ ቀን ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለ ይባላል። ቤት ውስጥ ሲለካ ወሰኑ ዝቅ ይላል፣ 135/85 ነው። የሕክምናው ግብ ለአብዛኛው ሰው ከ140/90 በታች መሆን ነው። ስኳር፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው የላይኛው ቁጥሩ ከ130 በታች እንዲሆን ሐኪሙ ሊፈልግ ይችላል። የእናንተ ግብ ስንት እንደሆነ ጠይቁና በቃላችሁ ያዙት።

ራስ ምታትን አትጠብቁ። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ራሱን ሲያመው ብቻ ክኒን የሚውጥ ሰው በሽታውን እያከመ አይደለም።

ደብተር ግዙ

አንድ ተራ የተማሪ ደብተር በቂ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ የግፊት ግብ፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ስምና መጠን፣ የማይስማማ መድኃኒት ካለ እሱም ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ልኬት ቀን፣ ሰዓት፣ የላይኛው ቁጥር፣ የታችኛው ቁጥር፣ የልብ ምት። ከጎኑ ትንሽ ማስታወሻ ይኑር፦ "ክኒን አልቆ ነበር"፣ "ሰርግ ላይ ነበርኩ"፣ "እንቅልፍ አልተኛሁም"።

እናቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም። ደብተሩን የምትይዝላት የወንድሜ ልጅ ናት፣ አምስተኛ ክፍል። ልጅቷ ሥራውን ወዳዋለች። አያቷ ክኒን ስትረሳ የምትቆጣውም እሷ ናት። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ኃላፊነቱን ስጡት፤ ከእኛ ከትልልቆቹ የተሻለ ይጠብቀዋል።

አለካኩን አስተካክሉ

በተሳሳተ ልኬት መድኃኒት ሊጨመር ወይም ሊቀነስ ይችላል። በገጠሩ ጎጃም አንድ ሰው ጤና ጣቢያ ለመድረስ አንድና ሁለት ሰዓት በእግሩ ዳገት ይወጣል። እንደደረሰ፣ ላቡ ሳይደርቅ ቢለካ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ወረፋ ላይ ሳላችሁ "ገና መድረሴ ነው፣ ትንሽ ልረፍ" ብሎ መናገር ነውር የለውም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ከመለካት በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አይጠጣ፣ ሲጋራ አይጨስ፣ ከባድ ሥራ አይሠራ። ሽንት ይሸና፤ የተወጠረ ፊኛ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ጀርባን አስደግፎ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ሁለቱም እግር መሬት ይርገጥ፣ አይነባበር። ክንድ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ ከልብ ጋር እኩል ይሁን። የመለኪያው ጨርቅ የሚታሰረው ባዶ ክንድ ላይ ነው፣ በጋቢ ወይም በሹራብ ላይ አይደለም። ሲለካ አይወራም። አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ ድገሙና ሁለቱንም ጻፉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትለኩ ሁለቱንም ክንድ ለኩ። ቁጥሩ ከፍ ያለበትን ክንድ ምረጡና ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ በእሱ ለኩ።

መለኪያ የምትገዙ ከሆነ የላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰረውን ምረጡ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው በቀላሉ ይሳሳታል። የጨርቁ ስፋትም ከክንዳችሁ ጋር ይመጣጠን። ለወፍራም ክንድ ጠባብ ጨርቅ ካሰራችሁ ቁጥሩ ያለ አግባብ ከፍ ይላል። ብቻችሁን መግዛት ከከበዳችሁ ከጎረቤት ጋር አዋጡ። እድር ድንኳንና ድስት ይገዛል፤ አንድ የግፊት መለኪያ ቢጨምር ስንቱን ቤት በጠቀመ።

በየሰዓቱ አትለኩ፤ ጭንቀት ነው የሚያተርፈው። ከቀጠሮ በፊት ባለው ሳምንት ጠዋት ክኒን ከመዋጥ በፊትና ማታ ሁለት ሁለቴ ለኩ። የመጀመሪያውን ቀን ተዉትና የቀሩትን አማካይ አውጡ። ለሐኪሙ ከአንድ ቀን ቁጥር ይልቅ ይህ አማካይ ብዙ ይነግረዋል።

ክኒኑ፦ ሲሻላችሁ ነው መጠንቀቅ

እናቴን የጎዳት ሕመሙ ሳይሆን መሻሉ ነው። ቁጥሩ 128/80 ሲሆን "ድኛለሁ" ብላ አሰበች። ቁጥሩን እዚያ ያቆመው ግን ክኒኑ ነበር። ክኒኑ ሲቀር ግፊቱ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፤ ሲመለስም አይናገርም። እንደ አረም ነው። ጤፉን አንዴ ስላረማችሁት አረሙ ዳግመኛ አይበቅልም ማለት አይደለም።

ክኒኑን ቀድሞ ካለ ልማድ ጋር እሰሩት። እኛ ቤት ረከቦቱ አጠገብ ትንሽ ቆርቆሮ አለች። ጠዋት ቡና ሲፈላ ክኒኑ ይዋጣል። ቡና የማይፈላበት ቀን እኛ ቤት ስለሌለ ክኒን የማይዋጥበት ቀንም የለም። የማትጠጡ ከሆነ ከጸሎት ወይም ከቁርስ ጋር አያይዙት። አንድ ቀን ከረሳችሁ በማግሥቱ ደርባችሁ አትዋጡ፤ የተለመደውን ብቻ ቀጥሉ።

ጤና ጣቢያዎቻችን ውስጥ በብዛት የሚታዘዙትን ማወቅ ይጠቅማል። አምሎዲፒን በቀን አንዴ ይወሰዳል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያበዛል፤ ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ያሳጣል፣ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም የተባለ ማዕድንም ሊቀንስ ይችላል። ኢናላፕሪል አንዳንዱን ደረቅ ሳል ያስይዛል። ሳሉ በሻይና በማር የሚለቅ አይደለም። ሐኪሙ ግን በሎሳርታን ሊለውጠው ይችላል። ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው ከንፈሩ፣ ምላሱ ወይም ፊቱ ድንገት ካበጠ መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ኢናላፕሪልና ሎሳርታን በእርግዝና ጊዜ ጽንሱን ይጎዳሉ። ለማርገዝ ያሰበች ወይም ያረገዘች ሴት ቶሎ ለሐኪሟ ትንገር፤ ለእርጉዝ የሚስማሙ ሌሎች አሉ፣ ለምሳሌ ሜቲልዶፓ።

የጎንዮሽ ጉዳት ሲያስቸግራችሁ በራሳችሁ አታቁሙ። ሄዳችሁ ተናገሩ፣ ይለወጥላችኋል። ሁለተኛ መድኃኒት ሲጨመርም "በሽታዬ ባሰ" ብላችሁ አትደንግጡ። ብዙ ሰው ግቡ ላይ የሚደርሰው በሁለት መድኃኒት ነው። የጎረቤትን ክኒን ግን አትዋሱ።

ለወገብና ለጉልበት ሕመም ከመድኃኒት ቤት የምንገዛቸው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ለአፍንጫ መታፈን የሚሰጡ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችና አንዳንድ የወሊድ መከላከያ እንክብሎችም እንዲሁ። ምንም ነገር ስትገዙ "ግፊት አለብኝ" በሉ።

ስለ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦና ሽፈራው ብዙ ይጠይቁኛል። ነጭ ሽንኩርት ወጥ ውስጥ ይግባ፣ ጥሩ ምግብ ነው። የክኒንን ቦታ ግን አይተካም።

ጨው፦ የኪሎውን ቀን ጻፉ

አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በላይ ጨው ባይበላ ይመከራል። ይህ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ነው። ለሙሉ ቀን፣ ከሁሉም ምግብ። "እኔ ጨው አላበዛም" የማይል ሰው አላጋጠመኝም። እኛም እንደዚያ እንል ነበር። ከዚያ የሚከተለውን ዘዴ ሞከርን።

ቤታችሁ አምስት አዋቂ ካለ በቀን የሚገባችሁ 25 ግራም ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ጨው ቢያንስ 40 ቀን መቆየት አለበት። የጨው ፌስታል የከፈታችሁበትን ቀን ደብተሩ ላይ ጻፉ፣ ያለቀበትንም ጻፉ። ለከብት የምትሰጡትን ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ሂሳቡ እንዳይደባለቅ። እኛ ቤት የመጀመሪያው ኪሎ 23 ቀን ነው የቆየው። ማንም አላመነም።

የት እንደሚገባ ስንከታተል ሦስት በር አገኘን። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። የቡሬና የወንበርማ በርበሬ ስሙ የታወቀ ነው፣ ግን ዛላውን ገዝተን እቤት ስናስፈጭ ጨው የምንጨምረው እኛው ነን። ሽሮውም ሲፈጭ ጨው ይዟል። ከዚያ ወጡ ሲሠራ ሦስተኛ ጨው ይጨመራል። ሦስት እጅ፣ አንድ ድስት። በዚህ ላይ በብዙ የገጠር ቤት ቡናውም በጨው ነው የሚጠጣው። ዳቦ፣ ቋንጣና አዋዜም አሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። በርበሬውንና ሽሮውን ያለ ጨው አዘጋጁ። ጨው የሚገባበት በር አንድ ብቻ ይሁን፣ እሱም ወጡ ሊወርድ ሲል። የማንኪያውን መጠን በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቀንሱ። በአንድ ጊዜ ብታጠፉት ቤተሰቡ ያምፃል። ምላስ ግን ይለምዳል። ከሁለት ወር በኋላ ድሮ የምንወደው ወጥ ጨው በዛበት ማለት ጀመርን። ጣዕሙን በሎሚ፣ በኮረሪማ፣ በዝንጅብል፣ በጥቁር አዝሙድ፣ በነጭ ሽንኩርት አካክሱት። ቡናው በጤና አዳም ይጠጣ።

አዮዲን ያለው ጨው መጠቀማችሁን ግን አትተዉ። በደጋው አካባቢያችን እንቅርት የኖረ ችግር ነው። መቀነስ ያለበት መጠኑ ነው።

ፖታሲየም ያለው ምግብ ግፊትን ለማውረድ ያግዛል። ይህ ለእኛ ደስ የሚል ዜና ነው፤ ድንች፣ ጎመን፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ባቄላና ምስር ከገበያችን አይጠፉም። የእንጅባራና የአዊ ደጋ ድንች፣ የፍኖተ ሰላም ሙዝ ቅርባችን ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን እነዚህን ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። በፖታሲየም የተሠራ የጨው ምትክም እንዲሁ።

መጠጥ፣ ጫት፣ ሲጋራ

አልኮል ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ አረቄ ደግሞ በተለይ። በጽዋ ማኅበሩ፣ በሰንበቴው፣ በድግሱ "በሞቴ፣ አንዲት ብቻ!" የሚለውን እንቢ ማለት ይከብዳል። አስቀድሞ ለደጋሿ መንገር ይቀላል። ውሃ ወይም ቅራሪ ቀድማችሁ ያዙ፤ ባዶ ብርጭቆ ነው የሚቀዳበት። ጫት ግፊትንም የልብ ምትንም ይጨምራል፤ የሚሻለው መተው ነው። ሲጋራም ይቁም።

ጾምና ጠበል

በዚህ ላይ ብዙ ሕይወት ስለሚጠፋ ቆም ልበል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋት ክኒኑን ይተወዋል። አንዳንዱም ሁለት ወር ሙሉ ያቆመዋል።

ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት በፊት ሁለት ሰው አነጋግሩ። አንደኛው ሐኪማችሁ ነው። በቀን አንዴ የሚወሰዱ ብዙዎቹ መድኃኒቶች ወደ ማታ ሊዛወሩ ይችላሉ፤ ሽንት የሚያበዛው ከሆነ ደግሞ ጾም በሚፈታበት ሰዓት ሊደረግ ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ሁለተኛው የነፍስ አባታችሁ ናቸው። እውነቱን ንገሯቸው፣ ካርዳችሁንም አሳዩ። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ርኅራኄ አላት። የእናቴ የነፍስ አባት "ክኒኑን በውሃ ዋጪ፣ ጾምሽን እኔ አውቃለሁ" ብለዋት ነው ልቧ ያረፈው። እኔ ዓመት ሙሉ ለምኜ ያላመነችኝን እሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት።

የጾም ምግብ በራሱ ለግፊት ጥሩ ነው፤ ጥራጥሬና አትክልት ይበዛበታል። ጨዋማ ሽሮና በዘይት የተጠበሰ ነገር ብቻ አይብዛበት።

ጠበል የምትሄዱ ከሆነ ክኒኑን ይዛችሁ ሂዱ። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነት ዘመናቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። ለግፊትም ያው ነው። የምትቆዩባቸውን ቀናት ቆጥራችሁ፣ አንድ ሳምንት ትርፍ ጨምራችሁ ያዙ።

እንቅስቃሴና ክብደት

እርፍ የሚጨብጥ ገበሬ ይህን ክፍል ይለፈው። ለከተማ ሰው ግን በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ያስፈልጋል፤ 30 ደቂቃ፣ አምስት ቀን። ውፍረት ካለ እያንዳንዱ ኪሎ ሲቀንስ የላይኛው ቁጥር በአማካይ አንድ ነጥብ ያህል ይወርዳል።

ቀጠሮ፣ መድንና የመጠባበቂያ ክኒን

መድኃኒት ሲጀመር ወይም ሲቀየር ግፊቱ እስኪስተካከል በየወሩ መታየት ጥሩ ነው። ከተስተካከለ በኋላ በየ3 ወይም በየ6 ወሩ። በዓመት አንዴ የኩላሊት፣ የስኳር፣ የሽንትና የልብ ምርመራ ይደረግ እንደሆነ ጠይቁ። ቆማችሁ መለካትንም ጠይቁ፣ በተለይ ሽማግሌ ከሆናችሁና ስትነሱ የሚያዞራችሁ ከሆነ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ሁኑ። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የእኛው ደቡብ አቸፈር ነበር። ለዕድሜ ልክ ሕክምና እንዲህ ያለ ነገር ትልቅ እፎይታ ነው። መታወቂያው የሚታደስበትን ቀን ደብተሩ ላይ ጻፉት፤ እኛ አንዴ አሳልፈነው ከኪሳችን ከፍለናል።

መንገድ የሚዘጋበት፣ መድኃኒት ከመደርደሪያ የሚጠፋበት ጊዜ እንዳለ ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ የሁለት ሳምንት መጠባበቂያ ይኑር። አዲስ ስትገዙ አሮጌውን ቀድማችሁ ጨርሱ፣ የሚያበቃበትን ቀንም እዩ። የምትወስዱት ዓይነት ከጠፋ ባለሙያ ተመሳሳዩን ይምረጥላችሁ እንጂ ባዶ እጃችሁን አትቀመጡ።

የማይጠበቅበት ሰዓት

አፍ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ ያ ስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፈንዳት) ሊሆን ይችላል። የጀመረበትን ሰዓት ጻፉና በተገኘው መኪና ወደ ሆስፒታል። የደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ብዥታ ወይም ግራ መጋባት ከ180/120 በላይ ከሆነ ግፊት ጋር ከመጣም እንዲሁ። ቁጥሩ እዚያ ደርሶ ምንም ምልክት ከሌለ 5 ደቂቃ አርፋችሁ ድገሙት። ካልወረደ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ግፊቱን ቶሎ ለማውረድ ብላችሁ ክኒን ከምላስ ሥር አታድርጉ፣ ደራርባችሁም አትዋጡ። ግፊት በአንድ ጊዜ ሲወድቅ ራሱ አንጎልን ይጎዳል። ስትሮክ ለመሰለው ሰው ምግብም ውሃም አትስጡ፤ ሊያንቀው ይችላል። ደብተሩን ግን አትርሱ። ለተረኛው ሐኪም የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ብዙ ጥያቄ ይመልስለታል።

የታማሚው ልጆችና ወንድም እህቶችም ይለኩ፤ ግፊት በቤተሰብ ይሄዳል። ደህና የሆነ በዓመት አንዴ ይድገም። እኔ ባለፈው ሳምንት በእናቴ መለኪያ ስለካ አማካዩ 138/88 ሆነብኝ። የወንድሜ ልጅ ከደብተሩ ጀርባ አዲስ ገጽ ከፍታ ስሜን ጽፋለች። ሰኞ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ።